ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የመጣ ፍርድ

ጁን 29 ቀን 2016፣ ቦስተን። ዌስት ሮክስበሪ በሚባለው ሰፈር አስፋልቱ ተቀድዶ ረጅም ቦይ ተቆፍሯል። ለጋዝ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ሥራው ቆሟል፤ ቦዩ ውስጥ ሰዎች ተጋድመውበታልና። አፋፉ ላይ የቆሙት ይጸልያሉ፤ ለሟች የሚደረገውን ዓይነት ንግግር ያደርጋሉ። ፖሊስ መጥቶ ውጡ አለ። አልወጡም። ቀኑ ሲያበቃ 23 ሰዎች ታስረዋል።

ከታሰሩት አንዷ የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የአል ጎር ልጅ ካሬና ጎር ነበሩ። ሌላው ቲም ዲክሪስቶፈር ናቸው። እኚህ ሰው በ2008 ዩታ ውስጥ መንግሥት ለነዳጅና ለጋዝ ፍለጋ መሬት ሲያጫርት ተጫራች መስለው ገብተው፣ ሊከፍሉት የማይችሉትን ዋጋ እየጠሩ ጨረታውን ያደናቀፉና 21 ወር የታሰሩ ናቸው። ቦዩን እንደ መቃብር ያዩት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በጁን 2015 በፓኪስታን ካራቺ የደረሰው ከባድ ሙቀት ከ1,000 በላይ ሰው ፈጅቶ የአስከሬን ማቆያዎቹን ሞልቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት የሙቀቱ ወራት ከመድረሱ በፊት የጅምላ መቃብር አስቀድሞ መቆፈሩ ተሰማ። ሰልፈኞቹ ይህን ቦይ ከዚያ ጉድጓድ ጋር አገናኙት፤ ጋዝ ሲቃጠልና ሲያፈተልክ ምድርን ያሞቃል፣ የሞቀችው ምድር ደግሞ ድሃውን ቀድማ ትገድላለች የሚል ነው ነገሩ።

የሰፈሩ ሰው ግን ስለ ካራቺ ከማሰቡ በፊት ስለ ራሱ ደጃፍ ተጨንቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከድንጋይ ካባው ፊት ለፊት

ቦስተን የኖረ ሐበሻ ሮክስበሪን ያውቃል። ዌስት ሮክስበሪ ሌላ ነው፤ ከከተማዋ በደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ያለ፣ ግቢና ሣር ያላቸው ቤቶች የበዙበት፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው ቤት ገዝቶ ልጅ የሚያሳድግበት ሰፈር ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ለሰልፍ አይታወቅም።

ወደዚህ ሰፈር የመጣው መስመር ዌስት ሮክስበሪ ላተራል ይባላል። አልጎንኩዊን ከሚባለው ትልቅ የጋዝ መስመር ተገንጥሎ፣ ከዌስትዉድ ከተማ ተነሥቶ፣ ዴድሃምን አቋርጦ ቦስተን የሚገባ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቅርንጫፍ ነው። ባለቤቱ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሂዩስተን ቴክሳስ የነበረው ስፔክትራ ኢነርጂ ነበር። በ2017 ስፔክትራን የካናዳው ኤንብሪጅ ጠቀለለው። ቅርንጫፉ ራሱ የአንድ ሰፊ ማስፋፊያ ክፍል ነው፤ ማስፋፊያው በጠቅላላው በቀን 342,000 ዴካተርም ጋዝ ወደ ኒው ኢንግላንድ ክፍለ ግዛቶች እንዲጨምር የታቀደ ነበር። አንድ ዴካተርም ወደ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ የሚጠጋ ጋዝ ነው።

አገር ቤት የምናውቀው ጋዝ በሲሊንደር ተሞልቶ የሚመጣው ነው፤ ሲያልቅ ሲሊንደሩ ይቀየራል። እዚያ ግን ጋዙ እንደ ውኃ በቧንቧ ቤት ይገባል። በዓይነቱም ይለያል፤ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ጠረን ሰው እንዲያውቀው ተብሎ የሚጨመር ነው። በ1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም ሳያሸተው የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ልጆችን፣ ከጨረሰ በኋላ ነው ጠረን መጨመር በሕግ ግዴታ የሆነው።

አሁን ስለ ግፊት እንነጋገር፤ የሰፈሩ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣው በግፊት ነውና። በአሮጌ የከተማ መስመሮች ወደ ምድጃ የሚገባው ጋዝ ግፊቱ በካሬ ኢንች ከአንድ ፓውንድ በታች ነው። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ የምንነፋው አየር ከ30 እስከ 35 ፓውንድ ይሆናል። በዌስት ሮክስበሪ መንገድ ሥር የሚያልፈው ቧንቧ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 750 ፓውንድ ነው። ስፋቱ በአብዛኛው 16 ኢንች ነው።

የፌዴራሉ የቧንቧ ደኅንነት ደንብ እንዲህ ያለ መስመር ቢፈነዳ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚደርስ የሚለካበት ቀመር አለው። የግፊቱ ስኩዌር ሩት በቧንቧው ስፋት ይባዛል፤ ውጤቱ እንደገና በ0.69 ይባዛል። ለዚህ ቧንቧ ቀመሩ 302 ጫማ፣ ማለትም 92 ሜትር ገደማ ይሰጣል። አንድ የሰፈሩ ነዋሪ በእርሳስና በወረቀት ይህን አስልቶ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን ርቀት ሲለካ፣ ራሱን ከክቡ ውስጥ ያገኘዋል። ብዙዎቹ አገኙት።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚብሰው የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ከትልቁ መስመር የመጣው ጋዝ ወደ ከተማው መስመር ከመግባቱ በፊት ግፊቱ የሚቀነስበትና መጠኑ የሚለካበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ጣቢያ የተተከለው በግሮቭና በሴንተር መንገዶች መገናኛ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ዌስት ሮክስበሪ ክራሽድ ስቶን የሚባል የድንጋይ ካባ አለ። ካባው የተዘጋ አይደለም፤ እስከ ዛሬ በፈንጂ ድንጋይ የሚፈለጥበት ነው። ፈንጂው ሲፈነዳ ቤታችን ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳችን ይሰነጠቃል እያሉ ነዋሪዎቹ ጋዝ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት ያማርሩ ነበር።

ኩባንያው የቀጠራቸው ባለሙያዎች የፍንዳታው ንዝረት ቧንቧውን አይጎዳውም ብለው አሰሉ። ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በብየዳ የተያያዘ አዲስ የብረት ቧንቧ ከሰው ቤት ግድግዳ ይልቅ ንዝረት ይችላል። ግን 8 ኪሎ ሜትር መስመር ዘርግቶ፣ ጫፉን ከፈንጂ ካባ ፊት ለፊት ማሳረፍ የመሐንዲስ ስሌት ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ጉዳይ አይደለም። እዚያ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ነበረበት።

የኩባንያው ወገን

ለኩባንያው ሐቁን መስጠት ይገባል። በ2013 እና በ2014 መካከል በነበረው ብርቱ ክረምት ኒው ኢንግላንድ ውስጥ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። የአካባቢው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከጋዝ ነው፤ ቤት የሚሞቀውም በብዛት በጋዝ ነው። ሲበርድ ሁለቱም ፍላጎት ባንድ ቀን ይመጣል፤ ቧንቧው ደግሞ ያው ነው። ስፔክትራ መስመሩ ካልሰፋ ክረምት በመጣ ቁጥር ትከፍላላችሁ አለ። ለቦስተን ጋዝ የሚያከፋፍለው ናሽናል ግሪድም ገዢ ሆኖ ውል ፈረመ። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መደገፋቸው የታወቀ ነው፤ እንጀራ ነውና።

ይህን የሚቃረን ጥናት በኖቬምበር 2015 ወጣ። የዚያን ጊዜዋ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ የዛሬዋ ገዥ ሞራ ሂሊ ያስጠኑት ነበር፤ የኤሌክትሪኩ አስተማማኝነት እንዲጠበቅ እስከ 2030 አዲስ የጋዝ ቧንቧ አያስፈልግም፣ ኃይል መቆጠብ ይረክሳል የሚል ነው። ጥናቱ የወጣው ግን የዌስት ሮክስበሪው ቧንቧ ፈቃድ አግኝቶ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙው ነገር እንዲሁ ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

ዛሬ ሂዱ፣ ነገ ተመለሱ

የቦስተን ከንቲባ የነበሩት ማርቲ ዋልሽ ቧንቧውን ተቃወሙ። የሰፈሩ የከተማ ምክር ቤት አባል ማት ኦማሊ ተቃወሙ። በዋሽንግተን አካባቢውን የሚወክሉት የምክር ቤት አባል ስቲቨን ሊንች ተቃወሙ፤ ሊንች ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የብረት ሠራተኛና የማኅበራቸው መሪ ስለነበሩ፣ የግንባታ ሥራ ይጠላሉ የሚላቸው የለም። የዴድሃም ከተማ አስተዳደርም ተቃወመ። ታዲያ ከንቲባው፣ የከተማው ምክር ቤት አባሉና የሕዝብ ተወካዩ እምቢ ያሉትን ቧንቧ ማን አስገባው?

ያስገባው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው፤ በአጭሩ ፈርክ ይሉታል። በ1938 የወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚሻገርን ጋዝ በፌዴራል መንግሥት እጅ አድርጎታል። ኮሚሽኑ በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ፣ ሴኔቱ የሚያጸድቃቸው እስከ አምስት አባላት አሉት። ባጀቱ የሚሸፈነው ከሚቆጣጠራቸው ኩባንያዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ለአንድ ቧንቧ የፈቃድ ምስክር ወረቀት አንዴ ከሰጠ የከተማው አስተዳደር ደንብ ቧንቧውን ሊያግደው አይችልም። ከዚህም በላይ በ1947 በተጨመረው አንቀጽ መሠረት፣ ወረቀቱን የያዘ የግል ኩባንያ መሬት አልሰጥም ያለውን ሰው ፍርድ ቤት ገትሮ በካሳ ማስለቀቅ ይችላል። መሬት ማስለቀቅ የመንግሥት ሥራ ብቻ ለሚመስለን ለእኛ ይህ ይገርማል።

ታዲያ ኮሚሽኑ ቧንቧው እንደሚያስፈልግ በምን ያውቃል? በዋናነት በውል። ኩባንያው ጋዙን የሚገዙ ደንበኞች የፈረሙትን ይዞ ከቀረበ ፍላጎት አለ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው በችሎት ቢናገር፣ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ፊርማ ቢያሰባስብ ይመዘገባል፤ ከውሉ ጋር ሲመዘን ግን አይከብድም። የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ንዑስ ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ ኮሚሽኑ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከቀረቡለት የቧንቧ ማመልከቻዎች ከ99 በመቶ በላይ ፈቅዷል።

ለዌስት ሮክስበሪ ፈቃዱ የተሰጠው በማርች 3 ቀን 2015 ነው። ተቃዋሚዎቹ ወደ ፍርድ ቤት መሮጥ ፈለጉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። በሕጉ መሠረት ፈርክን ለመክሰስ በመጀመሪያ ለራሱ ለፈርክ ውሳኔህ እንደገና ይታይልን ብሎ ማመልከት ግድ ነው። ኮሚሽኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ማመልከቻው ውድቅ እንደሆነ ይቆጠርና የይግባኝ ፍርድ ቤት በር ይከፈታል። ኮሚሽኑ ግን ለዓመታት የለመደው ዘዴ ነበረው፤ በ30ኛው ቀን አካባቢ ማመልከቻችሁን እያየነው ነው የሚል አጭር ወረቀት ይሰጣል። ይህ እሺም እምቢም አይደለም። እሺ ስላልተባለ ፈቃዱ አይነሣም፤ እምቢ ስላልተባለ ይግባኝ አይቻልም። ቀበሌ ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም።

ዴድሃም አልታገሥም ብሎ በ2015 በቀጥታ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም፣ ሥልጣኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው ብለው መለሱት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ኮሚሽኑ ካልጨረሰ አይቀበልም። ኮሚሽኑ እስኪጨርስ ጃንዋሪ 2016 ደረሰ፤ መልሱም እምቢ ነበር። በእነዚህ ወራት ሁሉ ኩባንያው መቆፈሩን አላቋረጠም፤ ፈቃዱ የጸና ነበርና።

ፍርሃቱ ከየት መጣ

የሰፈሩ ሰው ሲፈራ የሚጠራው አንድ ስም አለ፤ ሳን ብሩኖ። በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ደቡብ ያለች ከተማ ናት። በሴፕቴምበር 9 ቀን 2010፣ አመሻሹ ላይ 12 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሲሆን፣ በ1956 የተቀበረ 30 ኢንች ቧንቧ በሰፈሩ መካከል ፈነዳ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶች ወደሙ። የፍንዳታው ጉልበት 28 ጫማ የሚረዝም የቧንቧ ቁራጭ ነቅሎ ወደ 100 ጫማ ርቀት ወረወረው። የእሳቱ ጉዳት ከማዕከሉ እስከ 600 ጫማ ደረሰ፤ ቀመሩ ለዚያ ቧንቧ የሚሰጠው ከ400 ጫማ ብዙም አይበልጥም። ጋዙን ለመዝጋት ባለቤቱ ኩባንያ ፒጂ ኤንድ ኢ 95 ደቂቃ ፈጀበት። የብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር፣ የፈነዳው ክፍል ብየዳው ከመጀመሪያውም የተበላሸ እንደነበር፣ በኩባንያው መዝገብ ላይ ግን ብየዳ አልባ ተብሎ መጻፉን አገኘ። ከመሬት ሥር ምን እንደተቀበረ ቀባሪው ራሱ አያውቅም ነበር ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ በ2015 ኩባንያውን 1.6 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው።

ዌስት ሮክስበሪ ቦዩ ተቆፍሮ ሳይከደን፣ ለእኛ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ አደጋ ደረሰ። ኦገስት 10 ቀን 2016 ሌሊት፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ አፓርትመንት ሕንፃ በጋዝ ፈንድቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። እዚያ ግን ትልቅ ቧንቧ አልነበረም። ምድር ቤት ባለው የቆጣሪ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ፣ ሜርኩሪ ያለበት አሮጌ የግፊት መቀነሻ ነበር፤ የሚተነፍስበት ቱቦ ከውጭ ጋር ሳይያያዝ ቀርቶ ጋዙ ክፍሉ ውስጥ ተጠራቀመ። ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባል፤ በአሜሪካ ከተሞች ሰው ቤት ገብቶ የሚገድለው ጋዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማንም ሰልፍ ከማይወጣበት፣ ዐሥርት ዓመታት ካስቆጠረው አሮጌ ትንሽ መስመር ነው።

የቦስተን የራሷም መሬት በዚህ ረገድ ወንፊት ነበረች። ናታን ፊሊፕስ የሚባሉ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው መለኪያ በመኪና ጭነው የከተማዋን መንገዶች ሁሉ፣ ወደ 785 ማይል፣ ዞሩ። ያገኙት 3,356 የጋዝ ማፈትለኪያ ነበር፤ በ2013 ታተመ። ሚቴን ሳይቃጠል አየር ውስጥ ሲገባ በ20 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ጉልበቱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ተቃዋሚዎቹ ይህን ቁጥር ያዙት። ያላችሁትን ሳትደፍኑ ለምን አዲስ ትጨምራላችሁ? የሚል ጥያቄ ሆነ። ከበራችን አርቁልን ከሚለው ልመና ወደ አያስፈልግም ወደሚለው ክርክር የተሻገሩት በዚህ በኩል ነው። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ በሌላ መንገድ አሳልፉት በሚል መልስ ሊዘጋ የሚችል ነበር።

የታሠሩት እነማን ናቸው

ከ2015 መጸው ጀምሮ እስከ ግንባታው መጨረሻ ድረስ በዌስት ሮክስበሪ ወደ 200 የሚጠጋ እስር ተፈጸመ። ከታሰሩት መካከል ጡረተኞች፣ አያቶች፣ ተማሪዎች፣ ቄሶችና ረቢዎች ነበሩ። ሥራው የሚቆመው ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ነው፤ ሰዎቹ ይነሣሉ፣ ካቴና ይገባላቸዋል፣ ኤክስካቫተሩ ይቀጥላል። በማሳቹሴትስ መንገድ የሚቆፍር ድርጅት ትራፊክ ለሚያስተናግድ ፖሊስ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ ሰልፈኛው ቦይ ዳር ሲደርስ የሚያገኘው ፖሊስ የቀን አበሉ ከኩባንያው የሚመጣ ነበር። ሕገ ወጥ አይደለም፤ የከተማው ልማድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ባይታለፍ ይሻላል። መታሰር አቅም ይጠይቃል። የሥራ ፈቃዱ ወይም ግሪን ካርዱ በፖሊስ መዝገብ ሊበላሽበት የሚችል ስደተኛ፣ አንድ ቀን ከቀረ የሚባረር የቀን ሠራተኛ ቦይ ውስጥ አይተኛም። ዌስት ሮክስበሪ የተሟገተው የተማረ፣ ጠበቃ የሚያውቅ፣ ከንቲባውን በስም ጠርቶ የሚያናግር ሰው ስላለው ነው። ከቦስተን በስተሰሜን ያለችው ሎውረንስ ግን አብዛኛው ነዋሪዋ ዝርያው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ሠራተኛ ነው። በሴፕቴምበር 13 ቀን 2018 ኮሎምቢያ ጋስ የሚባለው ኩባንያ አሮጌ የብረት መስመር ሲቀይር፣ ግፊት የሚለኩት ቱቦዎች ከተተወው መስመር ጋር እንደተያያዙ ቀሩ። አሮጌው መስመር ሲተነፍስ መሣሪያው ግፊት ወረደ ብሎ ወደ አዲሱ ጋዝ ጨመረ፣ ደጋግሞ ጨመረ። በሎውረንስ፣ በአንዶቨርና በኖርዝ አንዶቨር 131 ቤቶችና ሕንፃዎች ተጎዱ። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ። ለዚህ ኩባንያው በ2020 ጥፋቱን አምኖ 53 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በማሳቹሴትስ የነበረውንም ሥራ ሸጦ ወጣ።

የሎውረንስ ሰው የተጎዳው በሰልፍ በማይቆም ነገር ነው፤ አስቀድሞ የነገረው አልነበረምና።

ችሎቱ

ከታሰሩት 13ቱ ጉዳያቸው በዌስት ሮክስበሪ የወረዳ ፍርድ ቤት ቀረበ። ያዘጋጁት መከላከያ በሕግ ቋንቋ አስገዳጅ ሁኔታ የሚባለው ነው፤ ከዚህ የባሰ ጉዳት እንዳይደርስ ብዬ ነው ሕጉን የጣስኩት፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም የሚል። የሚነድ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ለማዳን የሰው በር የሰበረ ሰው በሰው ግቢ ገባህ ተብሎ ሲከሰስ የሚያነሣው ነው። ስለ አየር ንብረት የሚመሰክሩ አዋቂዎችንም አሰናድተው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ጸሐፊው ቢል ማኪበን ናቸው።

ችሎቱ ሊከፈት ሲል ዐቃቤ ሕግ የወንጀሉን ክስ አውርዶ ወደ ቀላል የደንብ መተላለፍ ቀየረው። በትራፊክ ቅጣት ደረጃ ማለት ነው። በዚህም ጁሪ የሚባለው የተራ ዜጎች የዳኝነት ጉባኤ፣ የአዋቂ ምስክርነትና ረጅሙ ክርክር ሁሉ ቀረ። በማርች 27 ቀን 2018 ዳኛ ሜሪ አን ድሪስኮል 13ቱን ተራ በተራ ለምን እንዳደረጉት እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ተናገሩ። ዳኛዋ ሰምተው ሲጨርሱ 13ቱም በአስገዳጅ ሁኔታ ምክንያት ተጠያቂ አይደሉም ብለው ወሰኑ።

ዜናው ዓለምን ዞረ። በአሜሪካ የአየር ንብረት ተቃዋሚዎች ለዓመታት ሲሞክሩት የኖረ መከላከያ ነበርና ደስታው ይገባል። ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ ችሎትን አያስገድድም። ቅጣቱ ቀድሞ ስለተቃለለ ዐቃቤ ሕግም የሚያጣው ብዙ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ 2017 ሲብት ጋዙ በቧንቧው ውስጥ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ከዳኛዋ ውሳኔ አራት ወር በኋላ፣ በጁላይ 27 ቀን 2018፣ ቦስተንና ዴድሃም ለዓመታት ሲጠብቁት የነበረው የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤትም ወሰነ። የካባውን ፈንጂ በተመለከተ ኮሚሽኑ በባለሙያ አስጠንቷል፣ ይበቃል ብሎ አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው።

ያ እያየነው ነው የሚለው ወረቀት ግን ዕድሜው አጠረ። በፔንሲልቬኒያ የነበሩ ሌሎች ባለ መሬቶች ባነሡት ክርክር፣ ያው ይግባኝ ፍርድ ቤት ሙሉ ሆኖ ተሰይሞ በጁን 30 ቀን 2020 ኮሚሽኑ በዚህ ዓይነት ቀጠሮ ሰውን ከፍርድ ቤት ደጅ ማቆም አይችልም አለ። ዛሬ አንድ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ቢደርስበት በ31ኛው ቀን ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ዌስት ሮክስበሪ ይህ ዕድል አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህስ? ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ታቅደው የነበሩ ሁለት ትልልቅ የጋዝ መስመሮች ቀርተዋል። የኪንደር ሞርጋን ዕቅድ በኤፕሪል 2016 ቆመ። አክሰስ ኖርዝኢስት የሚባለው የስፔክትራ ዕቅድ በ2017 ተነሣ። ብዙ ሰው ይህን ለቦዩ ሰልፍ ይሰጣል። እኔ አልሰጥም፤ ቢያንስ ሙሉውን አልሰጥም። ዋናው ምክንያት የገንዘብ ነበር። የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦገስት 2016 የኤሌክትሪክ ደንበኛ ለጋዝ ቧንቧ ግንባታ በመብራት ሂሳቡ ላይ እንዲከፍል ማድረግ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ የኪንደር ሞርጋኑ ደግሞ ከዚያ በፊት በቂ ገዢ አጥቶ ነበር። ኮሚሽኑ ውል ካየ ይፈቅዳል ብለናል፤ ውሉ ሲጠፋ ቧንቧውም ይጠፋል። ሰልፉ ያደረገው ጉዳዩ እንዳይረሳ፣ ፖለቲከኛውም እንዳይሸሽ ማስገደድ ነው፤ ያም ቀላል አይደለም።

ሙግቱ ግን አላለቀም። ከቦስተን ደቡብ በዌይማውዝ ነዋሪዎች አጥብቀው የተቃወሙት የጋዝ መግፊያ ጣቢያ ተተክሏል፤ ሥራ ሊጀምር ሲል በሴፕቴምበር 2020 ብቻ ሁለት ጊዜ በድንገተኛ አደጋ ተዘግቶ ጋዝ ወደ አየር ለቅቋል፤ በ2021 ሥራ ጀመረ። በ2023 ኤንብሪጅ ይኸንኑ የአልጎንኩዊን መስመር እንደገና ለማስፋት ፕሮጀክት ሜፕል የሚል ሐሳብ ለገዢዎች አቀረበ።

በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። በሰፈራችሁ ሥር ትልቅ የጋዝ ማስተላለፊያ ማለፉን ማወቅ ከፈለጋችሁ የፌዴራሉ የቧንቧ ካርታ በነፃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የካውንቲያችሁን ስም ማስገባት ይበቃል። ቤት ለቤት የሚሄዱት ትንንሾቹ መስመሮች ግን ካርታው ላይ የሉም። ግቢያችሁን ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል፣ አያስከፍሉም። ቤት ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ስልክም ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ርቃችሁ 911 ደውሉ። አፓርትመንት የምትከራዩ ከሆነ የጋዝ ቆጣሪው የት ክፍል እንዳለና የግፊት መቀነሻው የመተንፈሻ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣቱን አከራያችሁን ጠይቁ። በሲልቨር ስፕሪንግ ያልተያያዘው ያ ቱቦ ነበር።